የሚዘል መኪና፣ የማይዘለል ሕግ

አውቶሞቢል ሰውንና ዕቃን ከቦታ ወደ ቦታ ለማድረስ የተፈጠረ መሣሪያ ነው። አንዳንድ የመኪና አፍቃሪዎች ግን በዚህ አገልግሎት ብቻ አይረኩም። ገሚሱ መኪናውን እንደ ፈረስ ያዘልለዋል፤ ገሚሱም ከአውቶቡስ በሚበልጥ ርዝመት ቀጥሎ በላዩ የመዋኛ ገንዳ ይሠራበታል። ይህን ያየ ሰው «እብደት ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት የተወለዱ ሁለት እንዲህ ያሉ ሥራዎችን አንሥተን ከጀርባቸው ያለውን ፊዚክስ እንመረምራለን።

ከቅጣት የተወለደ ፈጠራ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሎስ አንጀለስና በአካባቢዋ የሚኖሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች አሮጌ መኪና እየገዙ ቀለሙን ማሳመር፣ ቁመቱንም ማሳጠር ጀመሩ። ሞላውን ይቆርጡ ወይም ከኋላ የአሸዋ ከረጢት ይጭኑ ነበር። ዓላማቸው ፍጥነት አልነበረም፤ ዝግ ብለው እየተንሸራሸሩ መታየት እንጂ። እነዚህ መኪኖች «ሎውራይደር» ተባሉ።

እ.ኤ.አ. በ1958 ግን ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች የወረደ አካል ያለውን መኪና መንዳት የሚከለክል የካሊፎርኒያ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ዝቅ ያለ መኪና ያለው ሁሉ ለቅጣት ተጋለጠ። በ1959 ሮን አጊሬ የተባለ ወጣት መፍትሔ አገኘ። ከአውሮፕላን የተረፉ የሃይድሮሊክ ፓምፖችንና ቫልቮችን በኮርቬት መኪናው ላይ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ፖሊስ ሲመጣ መኪናውን ከፍ፣ ሲሄድ ደግሞ ዝቅ ማድረግ የአንድ ማብሪያ ጉዳይ ሆነ።

ፈሳሽ እንዴት ብረት ያነሣል?

መልሱ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገለጸው ሕግ ውስጥ ይገኛል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል፤ የሚገኘውም ኃይል የግፊቱና የፒስተኑ ስፋት ብዜት ነው። በምሳሌ እንየው። የፒስተኑ ስፋት 5 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ የዘይቱ ግፊት 20 ሜጋ ፓስካል ቢሆን ኃይሉ 10,000 ኒውተን ይሆናል። ክብደቱ በእኩል የተከፋፈለ የ1,600 ኪሎ ግራም መኪና በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የሚያሳርፈው 4,000 ኒውተን ያህል ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከሚፈለገው ከእጥፍ በላይ ኃይል አለው፤ ትርፉም መኪናውን ወደ ላይ ያፈጥነዋል።

ይሁን እንጂ ማንሣትና ማዝለል አንድ አይደሉም። ለመዝለል ኃይሉ በቅጽበት መድረስ አለበት። በመሆኑም ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ይያያዛሉ፤ ስድስቱ ብቻ 72 ቮልት ይሰጣሉ፣ የፓምፑም ሞተር በዚያው ልክ ይፈጥናል።

ዕዳው የሚከፈለው ሲወርድ ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ አካል በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ የሚያቆመው አማካይ ኃይል የክብደቱ 11 እጥፍ ነው። ያልተጠናከረ ሻንሲ ይህን ደጋግሞ አይችልም፤ ይሰነጠቃል። ባለሙያዎቹ ስለዚህ ሻንሲውን በብረት ይበይዱታል። የተጨመረው ብረት ደግሞ መኪናውን ያከብደዋል፤ ክብደቱም እንደገና ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል።

ርዝመትና ጉብጠት

ሁለተኛው ምሳሌያችን «አሜሪካን ድሪም» የተባለው ሊሙዚን ነው። ጄይ ኦርበርግ በ1976 ሞዴል ካዲላክ ኤልዶራዶ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሠራው ርዝመቱ 18 ሜትር ያህል ነበር፤ በኋላም ወደ 30.5 ሜትር አደገ። የመዋኛ ገንዳና የሄሊኮፕተር ማረፊያ አለው። ለብዙ ዓመታት ተጥሎ ከቆየ በኋላ ታድሶ፣ በ2022 በ30.54 ሜትር ርዝመት በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፈረ።

ተራው ኤልዶራዶ 6 ሜትር አይሞላም። ታዲያ መኪናን ከ5 እጥፍ በላይ ማስረዘም ምን ያስከትላል? በሁለት ጫፎቹ ብቻ የተደገፈ አግዳሚ ብረት በየሜትሩ ያለው ክብደት ሳይለወጥ ርዝመቱ 5 እጥፍ ቢሆን፣ ጉብጠቱ 5 እጥፍ ብቻ አይሆንም። በርዝመቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ 625 እጥፍ ይሆናል! ሊሙዚኑ 26 ጎማዎች የተደረደሩለት ለዕይታ ብቻ አይደለም፤ በርካታ ድጋፎች ረጅሙን አካል ወደ አጫጭር ክፍሎች ስለሚከፋፍሉት ነው። ጠባብ መታጠፊያ እንዲያልፍም በሁለት ክፍል ተሠርቶ መሐሉ ላይ በማጠፊያ ተገጣጥሟል።

የትኛው ሕግ ይሻራል?

ሎውራይደሮችን የከለከለው የ1958 ሕግ ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካሊፎርኒያ ተሽሯል። ከተሞች በዝግታ መንሸራሸርን የሚከለክሉበት ሥልጣንም አብሮ ተነሣ። የመኪኖቹ ባለቤቶች እነዚህ ክልከላዎች አንድን ማኅበረሰብ ነጥለው የሚያጠቁ ናቸው በማለት ለረጅም ዓመታት ተከራክረው ነበር። የፓስካልን ሕግ ወይም የጉብጠትን ስሌት ግን የሚሽር ምክር ቤት የለም።

እነዚህ ሰዎች ከተፈጥሮ ሕግ ለማምለጥ አልሞከሩም። ዘይቱን፣ ባትሪውን፣ ብረቱንና ጎማውን በሕጉ መሠረት አሰልፈው ያሻቸውን አደረጉ። ብዙዎቹም ይህን የተማሩት በጋራዥ ውስጥ፣ እየሰበሩና እየበየዱ ነው። እኛ በክፍል ውስጥ በጥቂት ቀመሮች የምናገኘውን ዕውቀት እነርሱ በተሰነጠቀ ሻንሲ ገዝተውታል። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ እንግዳ መኪና ሲያጋጥመን ከመሳቃችን በፊት ኃይሉ ከየት እንደመጣና የት እንደሚያርፍ ብንጠይቅ መልካም ነው።