ከድራማው የተረፈው ምን ይጠቅመናል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው። እኛም ከሥሩ እንጀምር። አንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በዲቪዲ ታትሞ ገበያ ላይ ሲውል ዲስኩ ላይ ያለው ድራማው ብቻ አይደለም። ኦርጅናሉን የከፈተ ሰው ማውጫው ላይ «ተጨማሪ» የሚል ምርጫ ያገኛል። እሱን ሲጫን ተቆርጠው የወጡ ትዕይንቶች፣ ከተዋንያን ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ፣ ድራማው እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ አጭር ዘጋቢ ፊልም ይመጣለታል። ኮሜንታሪ የሚባልም አለ። ይህም ድራማው እየታየ ዳይሬክተሩና ተዋንያኑ እያንዳንዱ ትዕይንት እንዴት እንደተቀረጸ እየተጨዋወቱ የሚያስረዱበት ሌላ የድምፅ መስመር ነው።

እኛ አገር ይህን ክፍል የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ለምን ቢባል ምክንያቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የለመድነው ቪሲዲ የሚይዘው 80 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለነበር አንድ ሙሉ ፊልም እንኳ ሁለት ዲስክ ይፈልግ ነበር። ለተጨማሪ ከየት ቦታ ይምጣ? ባለ 4.7 ጊጋ ባይቱ ዲቪዲ ሲመጣ ደግሞ በየመንገዱ የሚሸጠው ኮፒ ሆነና አንዱ ዲስክ ላይ ስምንትና አሥር ፊልም ይታጨቅ ጀመር። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚጣለው ያው «ተጨማሪው» ነው። ዛሬ በፍላሽና በቴሌግራም የምንቀባበለውም ቢሆን ዋናውን ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለብን? ትርፍ ወሬ አይደለም እንዴ? የሚል አይጠፋም። መልሱን «ዶክተር ሁ» ከሚባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ታሪክ እናገኛለን። ቢቢሲ ይህን በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ሰው የሚተርክ ድራማ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1963 ነው። ያኔ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ነበር፤ ተደምስሶ እንደገና ይቀረጽበታል። ድራማ ቤቱ ወስዶ የሚያይ ሰው ይኖራል ብሎም ያሰበ አልነበረም። ስለዚህ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የራሱን ሥራ በራሱ እጅ ደመሰሰ። ከ90 በላይ የሚሆኑት ክፍሎች ምስላቸው እስካሁን የለም።

የተረፉት የተረፉበት መንገድ ይገርማል። ቢቢሲ ድራማውን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እያስገለበጠ ለውጭ አገር ጣቢያዎች ይሸጥ ነበር። ከገዙት መካከል በ1957 ዓ.ም. የተከፈተው የእኛው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ባለ ጣቢያ ውስጥ ዘጠኝ የጠፉ ክፍሎች መገኘታቸው ተነገረ። እንግሊዝ አገር የተደመሰሰውን አፍሪካ አቆየችው ማለት ነው።

ያልተገኙትስ? እዚህ ላይ ነው «ተጨማሪ» የተባለው ነገር ሥራ የሠራው። በዚያ ዘመን አንዳንድ ልጆች ማይክሮፎን ቴሌቪዥናቸው ፊት እያስቀመጡ ድምፁን ይቀዱ ነበርና የሁሉም ክፍሎች ድምፅ ተረፈ። ጆን ኩራ የሚባል ፎቶ አንሺ ደግሞ ከስክሪን ላይ ፎቶ እያነሳ ለባለሙያዎቹ ይሸጥ ነበር። «ማርኮ ፖሎ» ከተባለው ባለ ሰባት ክፍል ታሪክ አንድም ምስል ባይተርፍም፣ ዳይሬክተሩ ዋሪስ ሁሴን የኩራን ፎቶዎች አስቀምጦ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ዲቪዲ ላይ ፎቶውና ድምፁ ተገጣጥመው የ30 ደቂቃ ቅንብር ሆኑ። ዲስኩ ላይ የተቀመጠው በተጨማሪነት ነው፤ ግን ዋናው ስለሌለ ዋናውን ተክቶ ቀረ።

ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ አርባ ምንጭ ውስጥ ወጣቶች ለበቀል ተነስተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ምስሉን አገር ሁሉ አይቶታል። ነገር ግን ምስሉ ብቻውን ሳሩ ለምን እንደተያዘ አይነግረንም። አባቶች በጋሞኛ ምን አሉ? ማኅበረሰቡ ክልክሉን መጣስ ጎሜ ነው ሲል ምን ማለቱ ነው? የተመለሰው ወጣትስ በልቡ ምን አሰበ? ይህ ሁሉ ለዜናው አንድ ደቂቃ «ትርፍ» ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተማሪ ግን ዋናው እሱ ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ልማድ አለን። ከአንድ ሽማግሌ ጋር አርባ ደቂቃ ተነጋግረን ሦስት ደቂቃ እንጠቀምና ለሚቀጥለው ሥራ ሜሞሪው እንዲለቀቅ ፎርማት እናደርጋለን። ቢቢሲ ያደረገውም ይህንኑ ነው። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ካርዱ ከመደምሰሱ በፊት ቢያንስ ድምፁን መገልበጥ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተናጋሪውን ስምና ቋንቋ ጽፎ ከፋይሉ ጋር ማስቀመጥ፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ አዘጋጁ «ይህን ለምን ቆረጥኩት?» የሚለውን በአሥር ደቂቃ ቀድቶ ማኖር። ያ የእኛ ኮሜንታሪ ነው።

በእርግጥ የተቆረጠ ሁሉ ይውጣ ማለት አይደለም። ስሜ አይነሳ ብሎ የተናገረ ሰው ድምፅ አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ አይበላም። ማስቀመጥ ሌላ፣ ማሰራጨት ሌላ። ነገር ግን የምናሰራጨውን ለመምረጥ እንኳ መጀመሪያ ነገሩ በእጃችን መኖር አለበት። የሚቀጥለውን ካርድ ፎርማት ከማድረጋችን በፊት ይህን ብናስብ መልካም ነው እላለሁ።