የጁባ ተማሪ ሐዘኑን በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ?

የእንግሊዝኛ መምህር «ስለ ቤተሰባችሁ አንድ ገጽ ጻፉ» ቢል፣ ሌላ አገር ተራ የቤት ሥራ ነው። በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ግን ጥያቄው በታኅሣሥ 2006 እና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ የተካሄዱትን ውጊያዎች ይነካካል። ተማሪው የሚጽፈው አያጣም፤ የሚያጣው እንግሊዝኛውን ነው። አፉ ላይ ያለው ጁባ ዐረብኛ (ከዐረብኛ የወጣው የከተማዋ መግባቢያ) ደግሞ ለገበያና ለሰፈር እንጂ ለክፍል አልተፈቀደም።

ክርክሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጁባ አጠገብ ረጃፍ ላይ የተሰበሰቡ የእንግሊዝ አስተዳዳሪዎችና ሚሲዮናውያን ለታችኛው ክፍል የአካባቢውን ቋንቋዎች መረጡ፤ ዲንካ፣ ባሪ፣ ኑዌር፣ ላቱካ፣ ሺሉክ እና ዛንዴ ከእነሱ መካከል ነበሩ። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ካርቱም የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችን ወርሳ ዐረብኛን አስገባች። የ1972ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት እንግሊዝኛን የደቡቡ ዋና ቋንቋ አደረገው፤ ነፃ የወጣችው ደቡብ ሱዳን የ2011 ሕገ መንግሥት ደግሞ በየደረጃው የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁኑ ተባለ። ገጠር ላይ ያስኬድ ይሆናል። የባሪ፣ የዲንካና የዛንዴ ልጆች አንድ ወንበር በሚጋሩበት ጁባ ግን የማን አፍ መፍቻ ይመረጥ? ከ2023ቱ የሱዳን ጦርነት ሸሽተው የተመለሱት ደግሞ በዐረብኛ የተማሩ ናቸው።

ጁባ ዐረብኛ «አይረባም» የሚሉትን አልቀበልም። በ2012 የደቡብ ሱዳን ተዋንያን ለንደን ላይ የሼክስፒርን «ሲምበሊን» የተጫወቱት በእሱ ነው። ያንን የቻለ ቋንቋ የልጅን ሐዘን አያቅተውም።

ይሁንና «ተነሡና ለክፍሉ ንገሩ» ማለት አደጋ አለው። እዚህ ከተማ ሰዎች በጎሣቸው ተለይተው ተገድለዋል፤ ልጁ የደረሰበትን ሲናገር የጎረቤቱን ወገን ሊወነጅል፣ ራሱንም ሊያጋልጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ባወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ፣ የተጎዳ ሰው እንዲናገር አይገደድ ይላል። የሚሻለው ለብቻ የሚጻፍ ደብተር ነው። ተማሪው በፈለገው ቋንቋ ይጽፋል፣ ወይም ስለ ኳስ ጽፎ ያልፋል፤ መምህሩ ነጥብ ሳይሰጥ፣ ስሕተት ሳያርም፣ ለጉዳዩ ብቻ አጭር መልስ ይጽፍለታል። ከዚያ ተማሪው ራሱ የመረጠውን አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ያመጡታል። እንዲህ የተገኘ ቃል ከጥቁር ሰሌዳ ከተገለበጠው ይልቅ የሚቆይ ይመስለኛል።

ሸክሙ ግን መምህሩ ላይ ነው፤ ደመወዙ ለወራት የሚዘገይበት፣ ጦርነቱን ራሱም ያሳለፈ ሰው። በ2016 አምነስቲ ኢንተርናሽናል ባወጣው ዘገባ መሠረት በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የነበሩት አልጋዎች 12 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ደብተሩን ከማደሉ በፊት ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ሊወስን ይገባል፦ የሚያስደነግጥ ገጽ ሲመጣ መምህሩ ለማን ይንገር?