ስድስት ጆንያ ለክቶ ውል መፈረም

ዛሬ ዋጋ አይደለም የምናወራው፤ ዋጋው ጥሩ ሆኖም ስለሚያከስረን ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ መኪና ቡና ሳሻሽጥ ከበሩ አካባቢ ስድስት ጆንያ ለካን። እርጥበቱ 11.2፣ 12.4፣ 11.6፣ 12.1፣ 11.0፣ 11.9 መጣ፤ አማካዩ 11.7 በመቶ። ውሉ ከ12 እንዳይበልጥ ይላል። "አልፏል በቃ" ብለን ተፈራረምን። ገዢው መጋዘን አስገብቶ ብዙ ጆንያ ሲለካ ግን አማካዩ ከ12 በላይ ሆነ። ተቀናሹ ከሻጩ ኪስ ወጣ፣ የእኔም ኮሚሽን አብሮ ሄደ።

ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? 11.7 የስድስቱ ጆንያ አማካይ እንጂ የጭነቱ አይደለም። ስለ ጭነቱ ለመናገር "ከዚህ እስከዚህ" ማለት አለብን። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦

1. የንባቦቹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በኤክሴል አውጡ፦ 0.54።
2. ለ6 ስኩዌር ሩት (2.45) አካፍሉት፦ 0.22።
3. በ2.57 አባዙት፦ 0.56 ገደማ።

ይህን ከ11.7 ላይ ስትቀንሱና ስትደምሩ ከ11.1 እስከ 12.3 ይመጣል። 12 መሃል ገብቷል! ያኔ ይህን ሠርተን ቢሆን አንፈርምም ነበር።

2.57 ከየት መጣ? ከቲ ሠንጠረዥ፣ 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 6 ሲቀነስ 1፣ የ5 መስመር ላይ። ናሙና ሲበዛ ቁጥሩ ወደ 1.96 ይወርዳል፤ ሲያንስ ይጨምራል። ይህን ያገኘው ደብሊን ጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት ነው፤ በ1908 እ.ኤ.አ. "ስቱደንት" በሚል የብዕር ስም አሳተመው። እሱም እንደኛ ከጥቂት ናሙና መወሰን ነበረበት።

95 በመቶ ማለት በዚህ መንገድ 100 ጭነት ብንለካ በ95 ያህሉ ትክክለኛው አማካይ ከክልሉ አይወጣም ማለት ነው። እያንዳንዱ ጆንያ እዚያ ውስጥ ነው ማለት አይደለም።

መፍትሔውስ? 24 ጆንያ ለኩ። አማካዩም ልዩነቱም እዚያው ቢሆን ክልሉ ከ11.5 እስከ 11.9 ይጠባል፤ በሙሉ ልብ ትፈርማላችሁ። ግን ከፊት፣ ከመሃል፣ ከሥር፣ ሳትመርጡ ውሰዱ። በር ላይ ያለውን ብቻ ለለካ ሰው የትኛውም ቀመር አይደርስለትም።

ዩኒየኖችም ሳትጭኑ በፊት ራሳችሁ ለክታችሁ መዝግቡ። ሌላው ሲለካ ዝም ብሎ ከመቀበል ያድናል።

መልካም ገበያ!