ከመሣሪያው በፊት ክፍሉን፤ በአነስተኛ ወጪ በቤት ውስጥ ድምፅ ስለ መቅረጽ
(በራዲዮ የተነገረ)

በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የድምፅ መቅረጫ ክፍል ስለ ማሰናዳት ነው። ምሳሌአችንን የምንወስደው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ላይ ካሉት ከቢቸናና ከሞጣ ከተሞች ነው። በመምህርነት ወይም በግብርና ባለሙያነት፣ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ወይም በሌላ የመንግሥት ሥራ ወደ እነዚህ ከተሞች ተመድቦ የሚሄድ ሰው፣ በትርፍ ጊዜው ሊሠራቸው ከሚችላቸው ጠቃሚ ሥራዎች አንዱ የአገሩን ሊቃውንትና ሽማግሌዎች ድምፅ ቀርጾ ማቆየት ነውና።

ከቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት የታወቀ ደብር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ይኸው ዲማ ሲሆን፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥም ስሙ ተደጋግሞ ይነሣል። መጽሐፉን አቶ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ከተረኩት በኋላ፣ ተራኪውም ደራሲውም ካለፉ ወዲህ እንኳ ድምፁ እስከ ዛሬ ሲደመጥ ይኖራል። በደንብ የተቀረጸ ድምፅ ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ይኖራል ማለት ነው።

ነገር ግን ድምፅ መቀረጹ ብቻ አይበቃም፤ ጥርት ብሎ መቀረጹም ያስፈልጋል። ይህንንም በቅኔ ማስረዳት ይቻላል። ቅኔ እንደ ዜማ ድርሰት በየጊዜው የሚደገም አይደለም፤ ባለቅኔው በየበዓሉ አዲስ አድርጎ ይዘርፈዋል። በዚያው ዕለት ያልተያዘ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። በጽሑፍ ብናስቀምጠውስ ቢባል፣ ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ አያሳይም። «ይበላል» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ በላተኛውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን የሚበላውን ነገር ያመለክታል። ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚለየው በዚህ ነው። ስለዚህ ምሥጢሩን በትክክል የሚጠብቀው የተናጋሪው ድምፅ ነው።

የሚጠብቅ ፊደል ሲነገር፣ ለምሳሌ «ብ» ሲጠብቅ፣ ከንፈር ለጥቂት ጊዜ ገጥሞ ይቆያል፤ በዚያች ቅጽበት ድምፅ ይቀንሳል። በባዶ ክፍል ውስጥ ግን የቀደመው ፊደል ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ያችን የዝምታ ቅጽበት ይሞላታል። ግድግዳው ከተናጋሪው 3 ሜትር ቢርቅ ድምፁ 6 ሜትር ተጉዞ በ18 ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ውስጥ ይመለሳል፤ ከዚያም ደጋግሞ ይነጥራል። እንዲህ ያለው ድምፅ ከተቀረጸ በኋላ፣ ማሽኑ ምንም ውድ ቢሆን፣ የጠበቀውንና የላላውን መልሶ አጥርቶ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ስለሆነም ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ ሰው ከመሣሪያው በፊት ክፍሉን ያሰናዳ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ክፍልን ማሰናዳት ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይጠይቃል። አንደኛው የውጭ ድምፅ እንዳይገባ መከልከል፣ ሁለተኛው በውስጥ ያለው ድምፅ እንዳይነጥር ማብረድ ነው። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን አንድ እያደረጉ ገንዘባቸውን በከንቱ ያጠፋሉ። የዕንቁላል ካርቶን በግድግዳ ላይ መለጠፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካርቶኑ ቀላል ስለሆነ የውጭውን ድምፅ አይከለክልም፤ ስስ ስለሆነም የውስጡን ጥቂት ብቻ ያበርዳል፤ ይልቁንም እሳት ቢነሣ ያቀጣጥላል።

በመጀመሪያ የውጭውን ድምፅ እንመልከት። ድምፅን የሚከለክለው ክብደት ነው። የግድግዳው ክብደት በእጥፍ ቢጨምር የሚከለክለው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል፤ ዴሲቤል ማለት የድምፅ ኃይል መለኪያ ሲሆን 10 ዴሲቤል ሲቀነስ ጆሮአችን ድምፁ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ አድርጎ ይሰማዋል። በዚህ ረገድ በጭድ የተቦካ ጭቃ ደኅና አድርጎ የተመረገበት የአገራችን ወፍራም ግድግዳ የሚናቅ አይደለም። ጉድለቱ የሚገኘው በግድግዳው ሳይሆን በክፍተቱ ነው።

በብዙ ቤቶች የግድግዳው ጫፍና የቆርቆሮው ጣራ በሚገናኙበት ስፍራ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ይቀራል። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር በሆነ ግድግዳ ላይ ይህ ቀዳዳ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ከግድግዳው ስፋት መቶኛውን ይይዛል። መቶኛው እጅ ክፍት የሆነ ግድግዳ፣ የቀረው ድንጋይም ቢሆን፣ ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊከለክል አይችልም። እንግዲህ ይህን ቀዳዳ በጭቃ መድፈን ብዙ ብር ከሚያስወጣ ማናቸውም ዕቃ ይበልጣል። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጥቅልል መዝጋት፣ የመስኮቱን ዳር በላስቲክ ማጥበቅ፣ መዝጊያው ስስ ከሆነ ሁለተኛ ጣውላ መደረብ ይገባል።

ይሁን እንጂ ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ አየር እንደሚያጥረው መዘንጋት የለበትም። በየግማሽ ሰዓቱ በሩን ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል። ለእንግዳ ክብር ሲባል ቡና ለማፍላት የከሰል ምድጃ ወደዚህ ክፍል ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የከሰል ጢስ ሽታ ሳይኖረው ሰውን ሊገድል ይችላልና፤ ቡናው በሌላ ክፍል ይፈላ።

የቆርቆሮ ጣራ በዝናብ ጊዜ የሚያሰማውን ድምፅ በጥቂት ገንዘብ ማስቀረት አይቻልም። ኮርኒስ መሥራት ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ዋናው መድኃኒት የጊዜ አመራረጥ ነው። በጎጃም ደጋ ብርቱው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሆነ ታላላቆቹን ቀረጻዎች በበጋ ማድረግ ይሻላል። ከዝናቡም ሌላ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ ባጃጅ፣ የገበያ ቀን ግርግር፣ የውሻና የዶሮ ጩኸት አለ። ስለዚህ ክፍሉን ከመምረጥ አስቀድሞ በእጅ ስልክ ጧት፣ ቀትርና ማታ በየክፍሉ አንድ አንድ ደቂቃ ዝምታ ቀርጾ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ነው። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ የትኛው ክፍልና የትኛው ሰዓት እንደሚሻል ግን ከማንም በላይ ያስረዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድ የራቀው የጓዳ ክፍል ተመራጭ ሆኖ ይገኛል።

ወደ ሁለተኛው ሥራ ስንመጣ፣ በክፍሉ መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ ይበቃል። ድምፁ እንደ ብረት የሚያቃጭል ከሆነ ክፍሉ መብረድ ያስፈልገዋል። ይህን የሚያደርጉት ወፍራምና ለስላሳ ነገሮች ናቸው፤ እነዚህም በአብዛኛው በቤት ውስጥ አሉ። ወለሉ ላይ ምንጣፍና አጎዛ፣ በተናጋሪው ጀርባና በሁለት ጎኑ የተንጠለጠለ ቡሉኮ ወይም ድርብ ጋቢ፣ በማዕዘን የቆመ የጥጥ ፍራሽ ብዙ ለውጥ ያመጣሉ።

እዚህ ላይ ውፍረት ወሳኝ መሆኑን ልብ ይሏል። ስስ ጨርቅ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ ወፍራሙን የወንድ ድምፅና የበገናን ሥር አይነካውም። 100 ጊዜ በሰከንድ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የአንዱ ሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነውና፣ በጣት ውፍረት ጨርቅ ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ ከእንጨት 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ክፈፍ አሠርቶ፣ አሮጌ ልብስና ጥጥ ሞልቶ፣ ፊቱን በአቡጀዲ ሸፍኖ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቆ ማቆም ይገባል። እንደዚህ ያሉ አራት ክፈፎች ለአንድ አነስተኛ ክፍል ይበቃሉ። ጭድ ርካሽ ቢሆንም አይጥ ይጠራል፤ እሳትም ይወዳል። ተራ ስፖንጅም በእሳት ጊዜ ፈጥኖ እየነደደ መርዛም ጢስ ያወጣል። የኤሌክትሪክ ሽቦና ሻማ ከጨርቁ ይራቅ።

አሁን ስለ መሣሪያው እንናገር። ኮምፒዩተር ያለው ሰው ያሰበውን ገንዘብ ከአሥር ቢከፍለው፣ ሦስቱን ለክፍሉ፣ ሦስቱን ለማይክሮፎንና ለማቆሚያው፣ ሁለቱን ማይክሮፎኑን ከኮምፒዩተር ጋር ለሚያገናኘው መሣሪያ፣ አንዱን ለጆሮ ማዳመጫ፣ አንዱን ለማስቀመጫ ዲስክ ቢያደርግ ሚዛናዊ ይሆናል። የጆሮ ማዳመጫው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ዓይነት ይሁን። የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም፤ ኦዳሲቲ የተባለው በነፃ ይገኛል።

ማይክሮፎን በሁለት ዋና ዋና ወገን ይከፈላል። ዳይናሚክ የሚባለው ጠንካራ፣ ኤሌክትሪክ የማይጠይቅ፣ ጆሮውም ብዙ ርቆ የማይሰማ ነው። ኮንደንሰር የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት የሚፈልግ፣ ረቂቁን ሁሉ የሚሰማ ነው። ረቂቁን ሁሉ ሲሰማ ግን የጎረቤቱን ዶሮም ይሰማል። ክፍሉ ገና በደንብ ላልተሰናዳ ሰው፣ ለንግግር፣ ለቅኔና ለፉከራ ዳይናሚኩ ይሻላል። ድምፁ ዝቅ ላለው ለበገና ግን፣ ጸጥታ ከተገኘ፣ ኮንደንሰሩ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የሹር ኩባንያ ኤስ ኤም 58 ከዳይናሚኮቹ ሁሉ የታወቀ ሲሆን፣ ስለ ታወቀም አስመስሎ የተሠራው በገበያ ላይ ብዙ ነው፤ ዋጋው ከሚገባው በታች የሆነውን መጠርጠር ይበጃል።

ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ የሚበልጠው አቀማመጡ ነው። ማይክሮፎኑን ከአንድ ሜትር ርቀት ወደ አንድ ስንዝር፣ ማለት ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ብናቀርበው የተናጋሪው ድምፅ በ14 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የክፍሉ ድምፅ ግን ባለበት ይቀራል። ለዚህ የሚከፈል ዋጋ የለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ የኤሌክትሪክ ቀረጻ ገና አልነበረም፤ በዚያ ዘመን አዝማሪ ሁሉ ቀንድ በሚመስለው መቀበያ ፊት ተጠግቶ ይዘፍን ነበር። መሣሪያው ተለውጧል፤ የመጠጋት ሕግ ግን አልተለወጠም። እስትንፋስ እንዳይመታው ማይክሮፎኑን ከአፍ ትክክል ጥቂት ወደ ጎን ማዞርና የነፋስ መከላከያ ማልበስ ይገባል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ መያዝ ብልህነት ነው። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰውም ባትሪውን ሞልቶ፣ ሽቦውን ነቅሎ ቢቀርጽ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው እዝዝታ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የድምፁ መጠን ከላይኛው ወሰን 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይመደብ፤ ፉካሪ ድንገት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወሰኑን አልፎ እንዳይሰነጠቅ ነው።

ዋናው ቅጂ ሳይጨመቅ፣ ዌቭ በተባለው ዓይነት፣ በ48 ሺሕ ናሙናና በ24 ቢት ይቀመጥ። በአንድ ማይክሮፎን የተቀረጸ አንድ ሰዓት 518 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ባለ 64 ጊጋ ባይት ካርድ ከመቶ ሰዓት በላይ ይችላል። በቀረጻው መጀመሪያ የተናጋሪው ስም፣ ቦታውና ዕለቱ በቃል ይነገር፤ በደብተርም ይመዝገብ። ሦስት ቅጂ ተደርጎ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ፣ ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ ወይም በባሕር ዳር ባለ የታመነ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ከሁሉም በፊት የባለድምፁ ፈቃድ ይጠየቅ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የአመንጪውንና የከዋኙን መብት ይጠብቃልና። አለቃ ሆይ ወይም መምሬ ሆይ ብሎ በአክብሮት አስረድቶ፣ የተቀረጸውን መልሶ አሰምቶ፣ አንድ ቅጂም ለእርሳቸው መስጠት ከሕጉም በላይ የጨዋ ልጅ ወግ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል ነገሩ አንድ ነው። ጭቃ፣ ጋቢ፣ አቡጀዲና ትዕግሥት ያለው ሰው በተራ ማይክሮፎን የሚሠራውን፣ ባዶ ክፍልና ውድ ማሽን ያለው ሰው ሊሠራው አይችልም። ማሽን በሚመጣው ዓመት ከዛሬው ተሽሎ በገበያ ይገኛል፤ ዛሬ በዲማ ወይም በሞጣ ጊዮርጊስ ቅኔ የሚዘርፉት አዛውንት ግን በሚመጣው ዓመት ስለ መገኘታቸው ዋስ የሚሆነን የለም። ስለዚህ ገንዘብ እስኪጠራቀም አንጠብቅ። በዚህ ሳምንት በየቤታችን ያለውን የጣራና የግድግዳ ቀዳዳ እንድፈን፤ አንድ ደቂቃም ዝምታ ቀርጸን እናዳምጥ። የቀረው ሥራ ከዚያ ይቀጥላል።