ከተበላሸ ፎቶግራፍ ውስጥ ምን ሊድን ይችላል?

በምረቃ ዕለት፣ በቀትር ፀሐይ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ እናስብ። ጥቁር ጋዋን የለበሰ ተመራቂ ነጭ ነጠላ ከለበሱ እናቱ ጎን ቆሟል። በምስሉ ላይ ግን ጋዋኑ ድፍን ጥቁር፣ ነጠላው ደግሞ ድፍን ነጭ ሆኗል። ምስሉን በኮምፒዩተር ስናስተካክል የጋዋኑ እጥፋት ቀስ በቀስ ብቅ ይላል፤ የነጠላው ድርና ማግ ግን ምንም ብንደክም አይመለስም። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው?

የዲጂታል ካሜራ ብርሃን ተቀባይ ከሲሊከን የሚሠራ ሲሆን፣ ፒክስል በሚባሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በፒክስሉ ላይ የሚያርፉ ፎቶኖች ኤሌክትሮኖችን ነጻ ያወጣሉ፤ ካሜራውም የተጠራቀሙትን ለክቶ በቁጥር ይመዘግባል። ፒክስሎቹን በክረምት ዝናብ በደጅ በተደረደሩ ጣሳዎች ልንመስላቸው እንችላለን። ጥቂት ውሃ የያዙ ሁለት ጣሳዎች ልዩነታቸው ይለካል፤ ሞልተው የፈሰሱት ግን አንዱ እጥፍ፣ ሌላው አሥር እጥፍ ዝናብ ቢወርድባቸውም እኩል ናቸው። ጋዋኑ ጥቂት ውሃ እንደያዘው፣ ነጠላው ሞልቶ እንደፈሰሰው ጣሳ ነው።

የጨለመውን ማፍካትም ያለ ዋጋ አይገኝም። ፎቶኖች የሚደርሱት በዘፈቀደ በመሆኑ የቆጠራው መዋዠቅ የብዛታቸው ስኩዌር ሩት ያህል ነው። 10,000 ኤሌክትሮኖች ሲቆጠሩ መዋዠቁ 100፣ ማለትም 1 በመቶ ይሆናል፤ 100 ሲቆጠሩ ግን 10፣ ማለትም 10 በመቶ ይደርሳል። ምስሉን ስናፈካ ይህም መዋዠቅ አብሮ ይጎላል፤ በጥላው ውስጥ የምናየው ነጠብጣብ በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው።

የፋይሉ ዓይነትም ወሳኝ ነው። የተለመደው ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት፣ ማለትም 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት። ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል ግን 16,384 ደረጃዎችን ይይዛል። ከዚህም በላይ በጄፔጉ ድፍን ነጭ የሆነ ቦታ በጥሬው ፋይል ገና ያልሞላ ሊሆን ይችላል፤ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ አንዱ እንኳ ካልሞላ ከፊል መረጃ ይተርፋል። ሦስቱም ከሞሉ ግን የሚመለስ ነገር የለም።

ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች በባዶው ነጭ ላይ የሚያምር ሽመና ሊሥሉ ይችላሉ። ሆኖም ያ ሽመና ከሌሎች ብዙ ምስሎች የተቀሰመ ግምት እንጂ እናት የለበሱት ነጠላ አይደለም። ለቤት አልበም ብዙም ላያሳስብ ይችላል፤ ፎቶግራፉ የፍርድ ቤት ማስረጃ ወይም የምርምር ውጤት ሲሆን ግን በመመለስና በመፍጠር መካከል ያለውን ድንበር መጠበቅ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ከማንሣታችን በፊት ብርሃኑን በነጠላው ልክ እንመጥን፣ ካሜራው ከፈቀደም ጥሬውን ፋይል እናስቀር። የማይንቀሳቀስ ነገር ከሆነ 16 ጊዜ አንሥተን አማካዩን ብንወስድ መዋዠቁ ወደ ሩብ ይወርዳል። የጨለመውን በኋላ ማፍካት ይቻላል፤ ሞልቶ የፈሰሰውን ግን ማንም አይለቅመውም።