ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ፤ ፊልም ባልነበረበት ዘመን የነበሩ ኮከብ

ከሸነን ወደ አምቦ ለትምህርት ከመጣነው ተማሪዎች አንዷ በትምህርት ቤት ትርኢት ላይ እንድትጫወት በተመረጠች ጊዜ፣ አባቷ ሰምተው «ልጄን የላክኋት ፊደል እንድትቆጥር ነው እንጂ አዝማሪ እንድትሆን አይደለም» ብለው ከለከሏት። ሰውየው ክፉ ሰው አይደሉም። ይህችው ልጅ በሠርግ ቀን ከእኩዮቿ ጋር እስኪነጋ ስትዘፍን እየሰሙ ደስ ይላቸዋል። የከፋቸው መድረኩ ነው። እኛም ነገሩ ስላሳሰበን፣ ሴት ልጅ በአገራችን መድረክ ላይ ለመቆም ምን ያህል ዋጋ እንደከፈለች ለመረዳት የወይዘሮ አስናቀች ወርቁን ሕይወት ልንመለከት ወደድን።

እንደሚታወቀው ዘመናዊ ቲያትር ወደ አገራችን የገባው በ1910ዎቹ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ድርሰት ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት በመንገር አገር ሁሉ ያወቃቸው አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በወጣትነታቸው የሴት ልብስ ለብሰው የተጫወቱት ከዚህ የተነሣ ነው። ይህም የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። በጃፓን ካቡኪ የተባለውን ጨዋታ የጀመረችው ሴት ሆና ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶች በሙሉ ከመድረኩ ታገዱ። በሼክስፒር ዘመን በለንደን ሴቶቹን የሚጫወቱት ገና ጢም ያላበቀሉ ወንዶች ልጆች ነበሩ። በዚያች ከተማ ሴት ተዋናይት በሕዝብ ፊት የታየችው እ.ኤ.አ. በ1660 ሲሆን፣ የተጫወተችውም የኦቴሎን ሚስት ዴዝዴሞናን ነበር።

ወይዘሮ አስናቀች በ1920ዎቹ ማገባደጃ በአዲስ አበባ ተወለዱ። በ1940ዎቹ ወደ ቲያትር ሲገቡ በሙያው የነበሩት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴም ከእነዚሁ ቀዳሚዎች ይቆጠራሉ። «የመጀመሪያዪቱ ማን ናት?» የሚለው ክርክር ለእኛ ብዙ ቁም ነገር የለውም፤ ሁለተኛዪቱና ሦስተኛዪቱም የሰሙት ስድብ ያው ነውና። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ ማለት የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ተከፈተ። አስናቀች ስማቸው የገነነው በዚህ ቤት ነው። ሕንጻውን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጀመሩት «ሲኒማ ማርኮኒ» እንዲሆን አስበው ነበር። ለፊልም የታሰበው ቤት ለመድረክ ሆነ።

ከተዋናይነታቸው ጋር ክራር ይመቱ ነበር፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። በገና የጸሎትና የምስጋና መሣሪያ ስለሆነ የሚደረድረው ሰው ይከበራል። ክራር ግን የፍቅር፣ የጠጅ ቤትና የሌሊት ጨዋታ ነው ተብሎ ይታማል። እንግዲህ ክራር የያዘች ቆንጆ ሴት፣ ያውም አምራና ተኳኩላ በብዙ ሕዝብ ፊት ብትቀመጥ ምን እንደምትባል መገመት አያስቸግርም። ወይዘሮ አስናቀች ግን ይህን ሐሜት ፈርተው አልተሸሸጉም። ውበታቸውና አለባበሳቸው የከተማው መነጋገሪያ ነበር፤ እርሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር። በእኛ አስተያየት ጌጣቸው ለታይታ ብቻ የሚደረግ አልነበረም። አንገቷን ደፍታ እንድትኖር የሚፈለግባት ሴት አጊጣ፣ ቀና ብላ ስትቀመጥ ለሰዳቢዋ መልስ ትሰጣለች።

በዚያው ዘመን የህንዷ ናርጊስ በአንድ ፊልም፣ በ«ማዘር ኢንዲያ»፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በብዙ አገር ትታይ ነበር። በእኛ አገር የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም፣ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?»፣ የወጣው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት የተሠሩት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የአስናቀች ጨዋታ መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ያልቅ ነበር። የቀረው ባዩት ሰዎች ልብ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

እኛ የአምቦ ልጆች በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለን። ከአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለዱት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና በልጅነታቸው የጻፉት ተውኔት በአምቦ ትምህርት ቤት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቶ ነበር። በኋላም የዚሁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ዲሬክተር ሆነው፣ «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ መለሱ። በአምቦ ስለ ጸጋዬ ብዙ ይወራል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን እነዚያ ቀዳሚ ሴቶች ስድቡን ችለው መንገዱን ባይጠርጉ ኖሮ ዴዝዴሞናና ኦፌሊያ በአማርኛ የሚናገሩት በወንድ አፍ በሆነ ነበር።

ወይዘሮ አስናቀች በ1960ዎቹ ካስቀረጹት ዘፈን የተሰበሰበው «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ 16ኛ ክፍል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። በዚህም ስማቸውን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ክራራቸውን ለመስማት በቃ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፉ። ሕይወታቸውን የሚተርከው «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ሲቀርብ እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም።

የጓደኛችን አባት የአስናቀችን ዘፈን በሬዲዮ ሲሰሙ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርጉ ልጅቱ ራሷ ነግራናለች።