የሥዕሉ ምንጭና የሸቤ ወንዝ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጉስታቭ ኩርቤ በትውልድ ከተማው በኦርናን አቅራቢያ፣ ከገደል ሥር ካለ ዋሻ የሚፈልቀውን የሉ ወንዝ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1864 ደጋግሞ ሥሎታል። ሥዕሎቹ በታላላቅ ሙዚየሞች ተጠብቀው ሲኖሩ፣ ወንዙ ግን ተበክሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ዓሦቹ በብዛት ሞተዋል።

ነገሩ ለሸቤና ለጅማ አካባቢ እናቶች እንግዳ አይደለም። እሸት ቡና ታጥቦ ገለፈቱና እጣቢው ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ፣ ብስባሹ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ውኃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። ይህን ቀድማ የምታየው ጀሪካን ይዛ የምትወርደው ሴት ናት።

ስለዚህ በቀበሌ ስብሰባ ተነሥታችሁ ተናገሩ፦ ፍሳሹ ወንዝ ሳይደርስ በጉድጓድ ይጠራቀም፤ ገለፈቱም ለማሳ ማዳበሪያ ይሁን። በሥዕል ያማረ ወንዝ እንስራ አይሞላም።